የዳርዳኔልስ የባሕር ሰርጥና ዋሶቹ፤ ከ1915 ጦርነት እስከ 1936 የሞንትሮ ውል

የባሕር ሰርጥ ማለት ሁለት ሰፋፊ ባሕሮችን የሚያገናኝ፣ በግራና በቀኙ የብስ ያለበት ጠባብ የውሃ መተላለፊያ ነው። ይህ ትርጉም በጂኦግራፊ መማሪያ መጻሕፍት ይገኛል፤ ተማሪውም በቃሉ ያጠናዋል። ይሁን እንጂ ትርጉሙ የማይነግረን አንድ ቁም ነገር አለ። ይኸውም ሰርጥ በሰው ግቢ ውስጥ የሚያልፍ የሕዝብ መንገድ መሆኑ ነው። መንገዱ የአላፊ አግዳሚው ሁሉ ሲሆን ግቢው ግን ባለቤት አለው። ባለቤቱ በሩን ቢዘጋ አላፊው ይጮኻል፤ አላፊው መሣሪያ ታጥቆ ቢገባ ደግሞ ባለቤቱ እንቅልፍ ያጣል። በሰርጦች ምክንያት የተደረጉት ጦርነቶችና የተፈረሙት ውሎች ሁሉ ከዚህ ችግር የመነጩ ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው የቱርክ ሰርጦች፣ በተለይም የዳርዳኔልስ ታሪክ ነው። ይህን ሰርጥ የመረጥሁበት ምክንያት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችን ውስጥ ስሙ የሚነሣ፣ ነገር ግን ታሪኩ በግማሽ የሚቆም ስለ ሆነ ነው። እጩ መምህራንን ስለ ዳርዳኔልስ ስጠይቃቸው ስለ ጋሊፖሊ ጦርነትና ስለ ቸርችል ያስረዱኛል፤ ዛሬ ሰርጡ የሚተዳደርበት ሕግ የትና መቼ እንደ ተፈረመ የሚያውቅ ግን ከስንት አንድ ነው። ሕጉ የተፈረመበት ወቅት ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ወቅት አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ክረምት፣ ኢትዮጵያ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቀርባ ፍርድ ባጣችባቸው በእነዚያው ሳምንታት፣ ያውም በዚያው ሐይቅ ዳር የተፈረመ ነው። ሁለቱን ነገሮች የሚያያይዛቸው የጊዜ መገጣጠም ብቻ አለመሆኑን ከዚህ በታች ለማስረዳት እሞክራለሁ። ዓ.ም. ተብለው ካልተጠቀሱ በቀር ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

ሰርጡና የጥንቱ ሕግ

ከጥቁር ባሕር ተነሥቶ ወደ ሜዲትራንያን የሚወርድ መርከብ በመጀመሪያ ርዝመቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነው በቦስፎረስ በኩል ኢስታንቡል ከተማን ለሁለት ሰንጥቆ ያልፋል። የቦስፎረስ እጅግ ጠባቡ ቦታ 700 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከዚያም የማርማራን ባሕር አቋርጦ ወደ ዳርዳኔልስ ይገባል። ዳርዳኔልስ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው፣ በቻናክ ከተማ አጠገብ ስፋቱ ወደ 1,200 ሜትር ይጠብባል። በስተሰሜን ያለው የብስ የጋሊፖሊ ባሕረ ገብ ምድር፣ በስተደቡብ ያለው ደግሞ የእስያ ምድር ነው። ሩማንያ፣ ቡልጋሪያ፣ ዩክሬንና ጆርጂያ ወደ ውቅያኖስ የሚወጡበት ሌላ የባሕር በር የላቸውም። ሩሲያ በሰሜንና በሩቅ ምሥራቅ ሌሎች ወደቦች ቢኖሯትም፣ የደቡብ እህሏ የሚወጣው በዚህ ነው።

ቱርኮች ቁስጥንጥንያን በ1453 ከያዙ በኋላ ጥቁር ባሕር ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል የኦቶማን መንግሥት የግል ሐይቅ ሆኖ ኖረ። የሩሲያ ነጋዴ መርከቦች የማለፍ መብት ያገኙት በ1774 በኩቹክ ካይናርጃ ውል ነው። ለጦር መርከብ ግን በሩ ዝግ ነበር። ይህን በጉልበት ለመጣስ የሞከረው የእንግሊዙ አድሚራል ዳክዎርዝ በ1807 ዳርዳኔልስን ሰብሮ እስከ ኢስታንቡል አቅራቢያ ደረሰ። ይሁን እንጂ ቱርኮች በድርድር እያዘናጉት የባሕር ዳር ምሽጎቻቸውን አጠናከሩ፤ ሲመለስም በግዙፍ የድንጋይ አሎሎ ቀጠቀጡት። ወደ ሰርጥ መግባት አንድ ነገር፣ ገብቶ መውጣት ግን ሌላ ነገር መሆኑን እንግሊዞች ያን ጊዜ ተምረዋል። በ1809 በተፈረመው ውልም የሰርጦቹን ለጦር መርከብ ዝግ መሆን ተቀበሉ። የሚያስገርመው፣ ከ108 ዓመት በኋላ ትምህርቱን ረስተው መገኘታቸው ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት የነበረውን ረጅም ክርክር በዝርዝር ማስተማር አስፈላጊ አይመስለኝም። በ1833 ሩሲያ ኦቶማኖችን ከግብፁ ገዥ ከመሐመድ አሊ ጦር ስላዳነች ለራሷ የሚያደላ ምስጢራዊ ውል አስፈረመች፤ ሌሎቹ ኃያላን ተቆጡ፤ በ1841 በሎንዶን አምስቱ ኃያላን ከሱልጣኑ ጋር ሆነው በሰላም ጊዜ ሰርጦቹ ለማንኛውም የውጭ የጦር መርከብ ዝግ ይሁኑ ብለው ተዋዋሉ። ለተማሪው መነገር ያለበት፣ ቀድሞ የሱልጣኑ የገዛ ሥልጣን የነበረው በር የመዝጋት መብት በዚህ ውል ከአውሮፓ የተሰጠ ፈቃድ መስሎ መታየት መጀመሩ ነው።

የ1915 ጦርነት

አንደኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ የኦቶማን መንግሥት በእንግሊዝ አገር ያሠራቸውና ሕዝቡ ጭምር ገንዘብ ያዋጣባቸው ሁለት ታላላቅ የጦር መርከቦች ነበሩት። እንግሊዝ ሁለቱንም በኦገስት 1914 ወረሰቻቸው። በዚያው ወር 10 ቀን ጎበንና ብሬስላው የሚባሉ ሁለት የጀርመን የጦር መርከቦች ከእንግሊዞች አምልጠው ዳርዳኔልስ ገቡ፤ ኦቶማኖችም ገዛናቸው ብለው ስማቸውን ለወጡ። መርከበኞቹ ግን ያው ጀርመኖች ነበሩ። በሴፕቴምበር መጨረሻ ሰርጡ ተዘጋ። በኦክቶበር 29 እነዚሁ መርከቦች የሩሲያን የጥቁር ባሕር ወደቦች ደበደቡና ቱርክ ጦርነቱ ውስጥ ገባች። ከሩሲያ ወደ ውጭ የሚላከው እህል አብዛኛው በዚህ በር ይወጣ ስለ ነበር፣ የሰርጡ መዘጋት ሩሲያን ከገበያዋም ከወዳጆቿም አገለላት።

እንግሊዝና ፈረንሳይ በሩን በባሕር ኃይል ብቻ ለመክፈት ወሰኑ። የአሳቡ ዋና አራማጅ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሚኒስትር የነበረው ዊንስተን ቸርችል ነው። በማርች 18 ቀን 1915 አሥራ ስድስት ያህል ታላላቅ የጦር መርከቦች በሦስት ረድፍ ተሰልፈው ወደ ሰርጡ ገቡ። እስከ ቀትር ድረስ የምሽጎቹ ተኩስ እየቀነሰ ስለ ሄደ ድሉ የቀረበ መስሎ ነበር። ነገር ግን ኑስረት የምትባል አንዲት ትንሽ የቱርክ መርከብ ከዐሥር ቀን በፊት በሌሊት 26 የባሕር ፈንጂዎችን፣ እንደ ተለመደው ሰርጡን አቋርጣ ሳይሆን ከባሕሩ ዳር ጋር ትይዩ አድርጋ አጥምዳ ነበር። ቦታው ከዚያ በፊት የጠላት መርከቦች ዞረው የሚመለሱበት መሆኑን ቱርኮች አስተውለዋል። የፈረንሳዩ ቡቬ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከ600 በላይ ሰዎችን ይዞ ሰጠመ። የእንግሊዞቹ ኢሬዚስቲብልና ኦሽንም ተከተሉት፤ ሌሎች ሦስት ክፉኛ ተጎዱ። አድሚራል ዴ ሮቤክ ወደ ኋላ እንዲመለሱ አዘዘ።

ይህ ምሳሌ በክፍል ውስጥ ጊዜ ቢወሰድበት አይከፋም። ፈንጂውን የሚጠርጉት ትንንሽ መርከቦች በየብስ ያለው መድፍ ሳይጠፋ መጥረግ አልቻሉም፤ መድፉን የሚያጠፉት ታላላቅ መርከቦች ደግሞ ፈንጂው ሳይጠረግ መቅረብ አልቻሉም። ስለዚህ ሰርጥ የሚያዘው ከውሃው ላይ ሳይሆን ከየብሱ ላይ ነው። ወራሪዎቹ ይህን ሲረዱ በኤፕሪል 25 እግረኛ ጦር በጋሊፖሊ አወረዱ። ከአውስትራሊያ፣ ከኒውዚላንድ፣ ከሕንድ፣ ከፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች የመጡ ወታደሮች በአንድ ወገን፣ ቱርኮችና በኦቶማን መንግሥት ሥር የነበሩ ዐረቦች በሌላው ወገን ሆነው ለስምንት ወራት ያህል ተፋጁ። በኮሎኔልነት ማዕርግ 19ኛውን ክፍለ ጦር ይመራ የነበረው ሙስጠፋ ከማል በኋላ የቱርክ ሪፐብሊክ መሥራች ለመሆን የበቃው ከዚያ ዝናን አትርፎ ነው። በጃንዋሪ 1916 የመጨረሻዎቹ ወራሪዎች በሌሊት ሹልክ ብለው ሲወጡ ከሁለቱም ወገን የሞተው ሰው ከ100,000 በላይ ሆኖ ነበር።

ጦርነቱ ገና ሳይጋጋል፣ በማርች 1915፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ኢስታንቡልንና ሰርጦቹን ለሩሲያ ለመስጠት በምስጢር ተስማምተዋል። ከስድሳ ዓመት በፊት በክሪሚያ ጦርነት ያን ሁሉ ደም ያፈሰሱት ሩሲያ ወደዚያ እንዳትደርስ ነበር። የሩሲያ አብዮተኞች በ1917 መጨረሻ የምስጢር ውሎቹን አውጥተው ሲያሳትሙ ይህ ሁሉ ተጋለጠ፤ አዲሱ መንግሥትም ይገባኛል ማለቱን ተወ።

ዋሶቹ

በጦርነት ያልተከፈተው በር በሽንፈት ተከፈተ። በኦክቶበር 30 ቀን 1918 የኦቶማን መንግሥት በሙድሮስ እጁን ሲሰጥ የተሸነፈው በሌላ ግንባር ቢሆንም፣ የአሸናፊዎቹ መርከቦች አንድ ጥይት ሳይተኮስባቸው በዳርዳኔልስ አልፈው በኖቬምበር 13 ኢስታንቡል ፊት ለፊት መልሕቅ ጣሉ። በ1920 በሴቭር የተዘጋጀው ውል ሰርጦቹን የራሱ ሰንደቅ ዓላማና የራሱ በጀት ላለው የውጭ ኮሚሲዮን አስረከበ። የግቢው ባለቤት በገዛ ግቢው ውስጥ እንግዳ ሆነ ማለት ነው።

ይህን ውል የሙስጠፋ ከማል ጦር ቀደደው። በሴፕቴምበር 1922 ቱርኮች የግሪክን ጦር ከኢዝሚር አስወጥተው ወደ ቻናክ ሲገሰግሱ፣ እዚያ የነበረው የእንግሊዝ ጦር አነስተኛ ነበር። የቱርክ ፈረሰኞች ጠመንጃቸውን አፈ ሙዙን ወደ ታች ዘቅዝቀው እስከ እንግሊዞች የሽቦ አጥር ድረስ ተጠጉ። የሎንዶን መንግሥት ለቱርኮች የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ጄኔራል ሃሪንግተንን አዘዘው። ጄኔራሉ ግን ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ አቆየው። ካናዳም ያለ ፓርላማችን ፈቃድ ጦር አንልክም አለች። በኦክቶበር 11 በሙዳንያ የተኩስ ማቆም ስምምነት ተፈረመ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም የሎይድ ጆርጅ መንግሥት ወደቀ። አንድ መኮንን ትእዛዝ ለመፈጸም ባለመቸኮሉ ጦርነት የቀረበት አጋጣሚ በታሪክ ብዙ አይደለም።

በጁላይ 24 ቀን 1923 በሎዛን በተፈረመው ስምምነት ቱርክ የሰርጦቹን መሬት መልሳ አገኘች፤ ነገር ግን በሁለቱም ዳርቻ ምሽግ እንዳትሠራና ጦር እንዳታሰፍር ተከለከለች። መተላለፊያውን የሚከታተል ዓለም አቀፍ ኮሚሲዮንም በመንግሥታት ማኅበር ሥር ተቋቋመ። ታዲያ ምሽግ የሌለውን በር ጠላት ቢመጣበት ማን ይጠብቀዋል? ለዚህ ጥያቄ የስምምነቱ 18ኛ አንቀጽ መልስ ሰጥቷል። የመንግሥታት ማኅበር ምክር ቤት በሚወስነው መንገድ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ ኢጣልያና ጃፓን ይጠብቁታል ይላል። እነዚህ አራቱ ዋሶች ናቸው።

በዚያው ዓመት፣ ከሁለት ወር በኋላ፣ በሴፕቴምበር 28 ቀን 1923፣ ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። ቱርክ የሰርጧን ደኅንነት፣ ኢትዮጵያ ደግሞ የነፃነቷን ደኅንነት በአንድ ቤት ደጃፍ አኖሩ።

ዋስትናው ብዙ አልቆየም። ጃፓን ማንቹሪያን በ1931 ወርራ፣ ማኅበሩ ቢወቅሳት በ1933 ጥላው ወጣች። ኢጣልያ ከ1912 ጀምሮ በያዘቻቸው፣ ከቱርክ የባሕር ዳርቻ ፊት ለፊት በሚገኙት የዶዴካኔዝ ደሴቶች ምሽግ ትሠራ ነበር። ቱርክ ነገሩ እንዲታረም በ1933 በጄኔቭ በጦር መሣሪያ ቅነሳ ጉባኤ ላይ ብታነሣ ሰሚ አላገኘችም። በኦክቶበር 3 ቀን 1935 (መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.) የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። ከአራቱ ዋሶች ሁለቱ ዘራፊዎች ሆነው ተገኙ።

እዚህ ላይ ስለ ሌላ የውሃ በር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የኢጣልያ ወታደሮች፣ መድፎችና የመርዝ ጋዝ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የተጓዙት በስዊዝ ካናል በኩል ነው። ካናሉ በእንግሊዝ ጦር ይጠበቅ ነበር። በ1888 የተፈረመው የካናሉ ስምምነት ግን በጦርነትም ጊዜ ለማንም መርከብ ክፍት ይሁን ይላል። እንግሊዝና ፈረንሳይ ይህን ውል በመጥቀስ፣ ይልቁንም ከሙሶሊኒ ጋር ጦርነት እንዳይገጥሙ በመስጋት፣ ካናሉን አልዘጉትም። የኢጣልያ መርከቦች የመተላለፊያ ዋጋቸውን እየከፈሉ አለፉ። የመንግሥታት ማኅበር የጣለው የኢኮኖሚ ማዕቀብም ነዳጅ ዘይትን ሳይጨምር ቀረ። ስለዚህ የመተላለፊያ ነፃነት የሚለው መልካም ቃል ሁልጊዜ ለተበደለው ወገን የሚጠቅም አለመሆኑን ተማሪዎቻችን ከገዛ አገራቸው ታሪክ ሊረዱት ይችላሉ።

ሞንትሮና ጄኔቭ

ቱርክ ማዕቀቡን ከፈጸሙት አገሮች አንዷ ነበረች፤ የሆነውንም ሁሉ በቅርብ ትከታተል ነበር። በማርች 7 ቀን 1936 ሂትለር የቬርሳይን ውል ጥሶ ያለ ማንም ፈቃድ ጦሩን ወደ ራይንላንድ አስገባ። የማይጨው ጦርነት የተደረገው በዚያው ወር መጨረሻ ነው። የቱርክ መንግሥት በኤፕሪል 1936 ለሎዛን ስምምነት ፈራሚዎች ማስታወሻ ላከ። የማስታወሻው ፍሬ ነገር፣ ስምምነቱ ሲፈረም የነበረው ሁኔታ ተለውጧል፤ የጋራ ዋስትናው የማይሠራ ወይም እጅግ ዘግይቶ የሚሠራ ሆኗል፤ ስለዚህ ቱርክ ሰርጦቿን ራሷ ለመጠበቅ እንድትችል ስምምነቱ በጉባኤ ይሻሻል የሚል ነበር። የዋስትናው አለመሥራት በምን ታየ ቢባል መልሱ ኢትዮጵያ ናት።

ቱርክ ጦሯን በሌሊት ወደ ሰርጡ ብታስገባ የሚያስቆማት እንዳልነበረ ብዙዎች ያምናሉ። እሷ ግን በሩን አንኳክታ ጠየቀች። ውል በጉልበት በሚቀደድበት ዘመን በሥርዓት የቀረበ ጥያቄ መምጣቱ ኃያላኑን ደስ አሰኛቸው። ጉባኤው በጁን 22 ቀን 1936 (ሰኔ 15 ቀን 1928 ዓ.ም.) በስዊስ አገር በሞንትሮ ከተማ ተከፈተ። ሊቀ መንበሩ አውስትራሊያዊው ስታንሊ ብሩስ ነበር፤ እሱም በ1915 በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ሆኖ በጋሊፖሊ ተዋግቶ የቆሰለ ሰው ነው። የቱርክን መልእክተኞች የመሩት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቴውፊክ ሩሽቱ አራስ ነበሩ። ኢጣልያ ማዕቀብ እንደ ተጣለባት ጉባኤ አልቀመጥም ብላ ቀረች።

ካርታ የሚመለከት መምህር ሞንትሮ በሌማን ሐይቅ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ጄኔቭ ደግሞ በደቡብ ምዕራባዊው ጫፍ እንደሚገኙ ያያል። በሞንትሮ ስለ ሰርጡ በሚመከርበት ሰሞን፣ በጁን 30 (ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም.) ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ በማኅበሩ ጉባኤ ፊት ቆሙ። የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት ሲያውኩ፣ እነዚህን አውሬዎች አስወጧቸው ብሎ በቁጣ የጮኸው የሩማንያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኒኮላይ ቲቱሌስኮ ነው። ይኸው ሰው በሞንትሮ የአገሩ መልእክተኞች መሪ ነበር። የሶቪዬት ኅብረቱ ማክሲም ሊትቪኖቭም በሁለቱም ስብሰባዎች ተናግሯል። በጁላይ 4 የጄኔቩ ጉባኤ በኢጣልያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲነሣ ወሰነ። ከ16 ቀን በኋላ፣ በጁላይ 20 (ሐምሌ 13 ቀን 1928 ዓ.ም.)፣ የሞንትሮው ስምምነት ተፈረመ፤ የቱርክ ወታደሮችም ወዲያውኑ ከጦር ነፃ ተብለው ወደ ቆዩት ዳርቻዎች ገቡ። አንዱ ጉባኤ የጋራ ዋስትናን ሲቀብር ሌላው ከመቃብሩ ዳር ሆኖ ያለ ዋስ የሚኖርበትን ሕግ ጻፈ።

ሕጉ የተጻፈው ያለ ክርክር አይደለም። ሶቪዬት ኅብረት ጥቁር ባሕር ለባሕሩ ጎረቤቶች ብቻ እንዲሆን፣ እነሱ ግን እንደ ልባቸው እንዲወጡ ትፈልግ ነበር። እንግሊዝ ደግሞ መብቱ ለሁሉም እኩል ይሁን አለች። የተደረሰበት ስምምነት የሦስቱንም ወገን ፍላጎት በሚዛን ያስቀመጠ ነው። የንግድ መርከብ በሰላም ጊዜ በነፃነት ያልፋል። ከጥቁር ባሕር ውጭ ያሉ አገሮች የጦር መርከብ ለማስገባት አስቀድመው ማስታወቅ አለባቸው፤ በአንድ ጊዜ በጥቁር ባሕር ውስጥ የሚኖራቸው ድምር ክብደት በመሠረቱ ከ30,000 ቶን እንዳያልፍ፣ ቆይታቸውም ከ21 ቀን እንዳይበልጥ ተወስኗል። ጦርነት ተነሥቶ ቱርክ ገለልተኛ ከሆነች፣ በ19ኛው አንቀጽ መሠረት የተዋጊዎቹ የጦር መርከቦች ወደ ሰፈራቸው የሚመለሱ ካልሆኑ በቀር ማለፍ አይችሉም። ቱርክ ራሷ ተዋጊ ከሆነች ወይም የጦርነት አደጋ ከተቃረበባት ግን የጦር መርከቦችን ማለፍ የምትወስነው እሷ ብቻ ናት። ዓለም አቀፉ ኮሚሲዮን ፈርሶ ሥራው ለቱርክ መንግሥት ተሰጠ።

አንዳንድ መጻሕፍት ሞንትሮን የዲፕሎማሲ ብልሃት ድል ብቻ አድርገው ያቀርቡታል፤ በዚህ ረገድ ከእነሱ ጋር አልስማማም። ቱርክ ያገኘችውን ያገኘችው ደብዳቤዋ ስላማረ ብቻ አልነበረም። በሁለቱም ዳርቻ ላይ የቆመችው እሷ ናት፤ በ1922 ያሸነፈው ጦሯም ገና አልተረሳም። ከሁሉም በላይ እንግሊዝና ሶቪዬት ኅብረት ሙሶሊኒን ስለ ሠጉ የቱርክን ወዳጅነት ይሹ ነበር። ኢትዮጵያ ያን ጊዜ የባሕር በር አልነበራትም፤ መሣሪያ ከውጭ እንዳትገዛም እስከ ጦርነቱ ዋዜማ ድረስ ተከልክላ ቆይታለች። ኃያላኑ ከእሷ የሚያገኙት ጥቅም ከኢጣልያ ወዳጅነት ያነሰ መሰላቸው። ሁለቱም አገሮች የጠቀሱት ሕግ አንድ ነበር፤ ሕጉን የሰሙት ጆሮዎች ግን አንድ ዓይነት አልነበሩም። ይህን ስናስተምር ሕግ ከንቱ ነው ወደሚል መደምደሚያ እንዳንወድቅ መጠንቀቅ ይገባል። የሞንትሮ ስምምነት የተዋዋሉት ነገሥታትና መንግሥታት አብዛኞቹ አልፈው ሳለ እሱ ዛሬም ይሠራልና።

ከዚያ ወዲህ

ስምምነቱ የተፈረመው ለ20 ዓመት ነበር፤ ዘመኑ ሲያልቅ ግን ከፈራሚዎቹ አንድም ያፈረሰው አልተገኘም። ኢጣልያም በ1938 መጥታ ገባችበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቱርክ እስከ ፌብሩዋሪ 1945 ድረስ ገለልተኛ ሆና ኖረች። ከባዱ ፈተና የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሶቪዬት ኅብረት በኦገስት 1946 በላከችው ማስታወሻ ሰርጦቹን ከቱርክ ጋር በጋራ ልጠብቅ ብላ ጠየቀች። ቱርክ እምቢ አለች፤ ወደ አሜሪካም ተጠጋች፤ በ1952 የሰሜን አትላንቲክ ጦር ቃል ኪዳን አባል ሆነች። ስታሊን ከሞተ በኋላ፣ በሜይ 1953፣ ሞስኮ ጥያቄዋን አነሣች። ስለዚህ ሰርጡን የጠየቀው ኃይል ያተረፈው ጎረቤቱን ለተቃዋሚው ወገን ማስረከብን ነው።

ስምምነቱ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች በሰርጡ ያልፉ ዘንድ ባይፈቅድም፣ በ1976 ኪየቭ የተባለችው የሶቪዬት መርከብ ባሕር ሰርጓጅ አሳዳጅ ክሩዘር ናት ተብላ አለፈች። ቱርክ ስሙን ተቀበለች፤ ሌሎቹም ብዙ አልጮኹም። ውል ረጅም ዕድሜ የሚያገኘው አንዳንድ ጊዜ በእንዲህ ያለው ዓይንን ጨፈን ማድረግ ጭምር ነው።

ሩሲያ በፌብሩዋሪ 2022 ዩክሬንን በወረረች ጊዜ ቱርክ ነገሩ ጦርነት መሆኑን አስታውቃ 19ኛውን አንቀጽ በሥራ ላይ አዋለች። ሞስክቫ የተባለችው የሩሲያ የጥቁር ባሕር ኃይል ዋና መርከብ በኤፕሪል 2022 ስትሰጥም፣ ሩሲያ ከሌላ ባሕር ምትክ ማምጣት አልቻለችም። በሞንትሮ በ1936 የተጻፈ አንድ አንቀጽ ከሰማንያ ስድስት ዓመት በኋላ የጦርነቱን አካሄድ ወሰነ።

ይህን ትምህርት በሁለት ክፍለ ጊዜ ማስተማር ይቻላል የሚል እምነት አለኝ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ለ1915 ጦርነት ይሁን። በሁለተኛው ተማሪዎች በሦስት ቡድን ተከፍለው አንዱ የሰርጡን ባለቤት፣ ሁለተኛው ሌላ መውጫ የሌለውን ጎረቤት፣ ሦስተኛው በሩቅ ያለውን ኃያል ባሕረኛ ወክለው የየራሳቸውን አንቀጽ ይጻፉ፤ ከዚያም ከሞንትሮው ጋር ያስተያዩት። በሞከርኩት ጊዜ ሁለተኛው ቡድን ከሁሉ ይበልጥ አጥብቆ ይከራከር ነበር፤ ምክንያቱን ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ማስረዳት አያሻም።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መሣሪያ አንድ የግድግዳ ካርታ ነው። በካርታው ላይ የአንዲት መርከብ ጉዞ በክር ቢመለከት ይጠቅማል። በጁላይ 22 ቀን 2022 በኢስታንቡል በተደረሰው ስምምነት የዩክሬን እህል በቦስፎረስ እንዲያልፍ ተፈቅዶ፣ ስምምነቱ በጁላይ 2023 እስኪቋረጥ ድረስ 33 ሚሊዮን ቶን ያህል ወጥቷል። የዓለም የምግብ ፕሮግራም የጫናት የመጀመሪያዋ መርከብ ብሬቭ ኮማንደር ትባላለች። ለኢትዮጵያ የተመደበ 23,000 ቶን ስንዴ ይዛ በኦገስት 16 ቀን 2022 በኦዴሳ አቅራቢያ ካለው ወደብ ተነሣች። ቦስፎረስን፣ ዳርዳኔልስን፣ ስዊዝን፣ ባብ ኤል መንደብን አልፋ በኦገስት 30 ጅቡቲ ደረሰች።